በዓል የሚያከብረው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የጠፋ ቀን ባጃጅ ነጂው ደንበኛችን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ባጃጁ የተሰረቀበት እንጂ ጌም የተቋረጠበት ሰው አይመስልም ነበር። "ጋሼ፣ አንዲት ጥይት እኮ ነው የቀረችኝ! አንዲት!" አለኝ። እኔ አልሰማሁትም፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ምስሉ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ ሆነ፣ እንደ ተቀደደ መጋረጃ ተቆራርጦ ተንጠለጠለና ጭልም አለ። የማራገቢያዎቹ ድምፅ ግን አልቆመም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተነፍስ በሽተኛ ፊት የቆምሁ ያህል ደነገጥሁ።

ከዚያ በፊት ያልነገድሁት ነገር የለም። ከመራዊ ሽንኩርት ጭኜ አምጥቻለሁ፣ አሮጌ መዳብና አሉሚኒየም ሰብስቤ ለአቅላጮች አስረክቤአለሁ፣ ያገለገለ ሞባይል በኪሴ ይዤ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ዞሬአለሁ። ተምሬአለሁ የምለውም እዚያው መናኸሪያ ነው። እዚያ የቀሰምሁት ትልቁ ትምህርት፣ ዕቃ ሲበላሽ ከዕቃው በፊት ሰውን መርምር የሚል ነው። ማን ሸጠው? ማን ነካው? ይህ ጥያቄ ለሽንኩርቱም ለሞባይሉም ሠርቶልኛል። በግራፊክስ ካርድ ላይ ግን እንዴት ጉድ እንደ ሠራኝ ላውራችሁ።

ጌም ቤቱ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ አንድ ክፍል ነው። የኋላ በር አለው፤ ወደ እናቴ ጓሮ ያስወጣል። የዚያ በር ቁልፍ ከእናቴ መቀነት ተለይቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ እናቴ ያንን ክፍል እንደማትረግጠው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በከፈትን ሰሞን አንድ ቀን ብቅ ብላ፣ ጎረምሶቹ "ግደለው! ጨርሰው! ጭንቅላቱን በለው!" እያሉ ሲጮኹ ሰማች። አማትባ ወጣች። "ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይገባም" አለች። እኔም አመንኋት። ሰው የእናቱን ቃል ካላመነ የማንን ያምናል?

ሸሪኬ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቤተሰቦቹ ጣና ዳር የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ አባቱ፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ጀልባ ይሠራሉ። እሱ ከእንጨቱ ይልቅ ወደ ሽቦው አድልቶ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሆነ። ኮምፒውተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ቪዲዮ ያቀናብርበት ከነበረና ከተማ ለመልቀቅ ከተቻኮለ ሰው። ውስጡ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ነበረው። ካርድ የሚሉት ምስሉን የሚሥለው ክፍል ነው፤ የጌሙ ሁሉ ነፍስ እሱ ነው። ሸሪኬ ደግሞ የዚያን ካርድ መንትያ ከየት እንዳገኘው ሳይነግረኝ ይዞ ከተፍ አለ። የራሱን ከላይ፣ የእኔን ከታች ሰክቶ፣ በጣት በምታክል ድልድይ መሳይ ነገር አያያዛቸው። ጌሙን ሁለቱ ተጋግዘው ይሥሉታል ማለት ነው። "እንደ እኔና እንዳንተ" አለኝ። እኔም በሩ ላይ በቀይ ቀለም "ባለ ሁለት ካርድ" ብዬ አስጻፍሁ። ካርድ ምን እንደ ሆነ የማያውቀው ሁሉ ሁለት መሆኑን ወደደው።

ሽርክናችን ወረቀት የለውም። አባቱ በሚሠሯት ጀልባ ጎን፣ እሳቸውና እናቴ ባሉበት ተጨባበጥን፤ በቃ። ሐጂ ያን ቀን ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው። መለያየት የፈለገ፣ ለራሱ ወላጅ ሳይሆን ለባልንጀራው ወላጅ ፊት ለፊት ሄዶ ይናገር። "ለገዛ እናትህማ ሁሉም ነገር ይቀልሃል" አሉኝ። ብልህ ሕግ ነው። ስንትና ስንት ጊዜ ተኮራርፈን፣ እኔ የሐጂን ፊት፣ እሱ የእናቴን ፊት እያሰብን በዚያው ቀርቷል። ይህ ኮምፒውተር ግን ወደዚያች ጀልባ ጎን ሊወስደኝ ሆነ። "ልጅዎ የተቃጠለ ዕቃ አሸክሞኛል፤ እንለያይ" ልል፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።

መጀመሪያ፣ እንደ ማንኛውም የከተማችን ሰው፣ መብራት ነው የጠረጠርነው። ስታብላይዘር አስገባን። ጠፋ። ጌሙን አጥፍተን እንደገና ጫንነው። ጠፋ። ሸሪኬ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት ጠብቆ፣ ካርዶቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም ነቅሎ አዲስ ተከለ። ያን ቀን ሠራ፣ በማግስቱም ሠራ፣ ጮቤ ረገጥን። የሚካኤል ዕለት ጠዋት ባጃጅ ነጂው ገና እንደ ተቀመጠ፣ ጭልም።

ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይ ሁለት ካርድ መሸከም አቅቶት ይሆናል ብለን ጉልበተኛ ለወጥንለት። ሙቀት ይሆናል ብለን ጎኑን ከፍተን ትልቁን የጠረጴዛ ማራገቢያ ገተርንበት። የሚያስገርመው ግን የሙቀቱ ነገር የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ይህ ማሽን የሚጠፋው ጠዋት፣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣ ነው። ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ እኛ ራሳችን ልንቀልጥ ስንደርስ፣ እሱ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። በሙቀት የሚድን ኮምፒውተር አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ነገሩን መጀመሪያ በቀልድ የፈታው ባጃጅ ነጂው ነው። የገብርኤል ዕለት ጠዋት ስክሪኑ ሲጨልምበት ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ማሽን በዓል ያከብራል እንዴ?" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"በቃ አስበው። ሚካኤል ጠፋ። ኪዳነ ምሕረት ጠፋ። ዛሬ ገብርኤል። የኛ አገር ገበሬ እንኳ እንደዚህ አያከብርም። እኔ ራሴ በዓል ነው ብዬ ባጃጄን አላቆምኩም!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሸሪኬም ሳቀ፤ "ጁምዓን ግን አንድ ቀንም አክብሮልኝ አያውቅም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚሠራው። ቅር ብሎኛል" አለ። ሁሉም ደግመው ሳቁ። እኔ ግን የሱ ሳቅ ከአፉ እንጂ ከዓይኑ አለመውጣቱን አየሁ። መናኸሪያ ያደገ ሰው የሰው ዓይን ያነባል። ማንበቡስ አነበብሁ፤ ትርጉሙ ነው የጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሣሁም። ነገሮችም ይታዩኝ ጀመር።

ማሽኑን ሊከፍት ሲል ያባርረኛል። "ስትቆምብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሂድ ሻይ ጠጥተህ ና" ይለኛል። ስመለስ ማሽኑ ይሠራል፤ ክፍሉ የሐኪም ቤት አልኮል ይሸታል፤ እሱም ጨርቅ ወደ ኪሱ ይከታል። ምን አገኘህ ስለው፣ "አቧራ ነው" ይላል። አልኮል ለአቧራ? ብዬ ዋጥሁት።

ካርዶቹን ለየብቻ ሞከርናቸው። ከላይ ያለው የሱ ካርድ ወጥቶ የእኔ ብቻውን ሲሠራ ምንም አይሆንም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋትም ማታም ሠራ። የሱ ካርድ ወደ ቦታው ተመልሶ ብቻውን ሲሠራ፣ የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ጭልም። ስለዚህ በሽታው የሱ ካርድ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ለመጨረሻ ጊዜ፣ "እስኪ ቦታ እናለዋውጣቸው፤ የእኔ ከላይ፣ ያንተ ከታች ይሁን" አልሁት።

"አይሆንም" አለ፤ ቃሌን እንኳ አላስጨረሰኝም።

"ለምን?"

"ያንተን አናበላሸው። ይቅር።"

"ከላይ መቀመጥ ካርድ ያበላሻል?"

ፊቱን ወደ ሽቦው አዞረ። እኔም በልቤ፣ አሃ፣ ለውጡ እንዳያጋልጠው ፈርቷል አልሁ።

ከዚያ ላስቲክ አመጣ። የጠረጴዛ መሸፈኛ፣ አበባ ያለበት። "ማታ ስንዘጋ ይኼን አልብሰው" አለኝ። እሺ ብዬ አለበስሁት። የመድኃኔዓለም ዕለት ጠዋት ስከፍት ላስቲኩ ከማሽኑ ላይ የለም፤ እንደ ነጠላ አራት ሆኖ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የፊት በሩ ቁልፍ ያለው እኔና እሱ ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሸሪኬ በማለዳ ይገባል ማለት ነው። ገብቶ ምን ያደርጋል? ካርድ ይለውጣል? ደህናውን እየወሰደ የተቃጠለ ይተክላል? ያን ቀን ምንም አልተናገርሁም። በማግስቱ እሱ ራሱ ላስቲኩን ሲያለብስ ሳየው፣ ምን ያለ ተዋናይ ነው አልሁ።

ማሽኑ እየባሰበት ሄደ። ቀድሞ በዓልን ብቻ ያከብር የነበረው፣ ዋዜማውንም ማግስቱንም ጨምሮ መሥነፍ ጀመረ። ደንበኛው መሳሳት ያዘ። የማርያም በዓል አንድ ቀን ሲቀራት ስልክ አንሥቼ ሐጂ ዘንድ ደወልሁ።

"ሐጂ፣ እንደምን ነዎት? ነገ በእርስዎ ፊት የምናገረው ነገር አለኝ።"

ወዲያ ማዶ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ምን ማለት እንደ ሆነ አያጡትም።

"ና ልጄ" አሉ። "ቤትህ ነው።"

ግን ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም። እጅ ከፍንጅ ይዤው፣ ከዚያ ሐጂ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥሁ። የማርያም ዕለት ገና ጎህ ሊቀድ ሲል ጌም ቤቱ ገብቼ ከውስጥ ቆለፍሁና ጥግ ካለው ወንበር ተቀመጥሁ። የመጥረጊያ እንጨት ይዣለሁ። የልጅነት ጓደኛን በመጥረጊያ እንጨት ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ ነገር ግን ባዶ እጅ ቁጭ ብሎ ሌባ መጠበቅ ደስ አላለኝም። ዓይኔን የፊት በሩ ላይ ተከልሁ።

የተከፈተው የኋላው በር ነው።

ቁልፉ ቀስ ብሎ ዞረና አንድ ነጭ ነገር ገባ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ ነጩ ነገር። ድምፁን ጆሮዬ ወዲያው አወቀው፤ ጭንቅላቴ ግን እንቢ አለ። እናቴ ናት። እግሯ የማይገባው እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ በእርጋታ መጣች፣ ላስቲኩን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች፣ አንዴ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ጠርሙሱን አውቀዋለሁ። በጀልባ ተሻግራ ከደሴት ገዳም የምታመጣው ጠበል ነው፤ ሲያመኝ ለእኔም ከሱ ነው የምትሰጠኝ። ክዳኑን ፈታችና በኮምፒውተሩ አናት፣ ሙቀት እንዲወጣበት በተበሳሳው ወንፊት ላይ፣ ችግኝ እንደሚያጠጣ ሰው ቀስ አድርጋ ታፈስስ ጀመር።

"እማዬ!" ብዬ ጮህሁ።

ዞር አለች። በጨለማው ጥግ፣ እንጨት የያዘ ጥቁር ነገር ቆሞ አየች። ከዚያ ቤት ልታስወጣው ስትደክምለት የኖረችው ጋኔን በመጨረሻ የተገለጠላት መሰላት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እናቴ ግን "ወግድ! ወግድ አንተ ርጉም!" ብላ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀርባ፣ የቀረውን ጠበል እንዳለ ፊቴ ላይ ከለበሰችው።

ውኃው ከአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ተያየን።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"በጨለማ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ?"

"ሌባ ልይዝ።"

"ያዝህ?"

እጄ ላይ ያለውን እንጨት መሬት አስቀመጥሁት።

"አንቺስ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? እግሬ አይገባም ብለሽ አልነበር?"

"እነዚያ ሲጮኹ አይገባም አልሁ እንጂ ሰው በሌለበት ምን ይከለክለኛል?" አለች፤ ቆጣ ብላለች፤ ድንጋጤው ወደ ቁጣ ዞሮላታል። "ቀኑን ሙሉ ግደለው፣ ጨርሰው፣ እኔ በግድግዳው ወዲያ እሰማለሁ። ልጄ እንጀራ የሚበላበት ቤት ደም ሲጠራበት እየዋለ ዝም ልበል? በየበዓሉ ከቅዳሴ በፊት ብቅ ብዬ ትንሽ ጠብ አደርጋለሁ። ይኼው ነው።"

"ወለሉ ላይ አይበቃም? ለምን ማሽኑ ላይ?"

"መግደሉ የሚወጣው ከሱ ነዋ! ደግሞ እየው" ብላ አናቱን በጣቷ አሳየችኝ፤ "የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ጠበል እንዲገባበት በስተውታል።"

መግደሉ የሚወጣው ከስፒከሩ ነው፣ ስፒከሩም ወዲያ ጥግ ነው ልል አፌን ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም። ባጃጅ ነጂው በቀልድ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ማሽኑ በዓል ያከብር ነበር። ሄጄ ወንበሩ ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ተቀመጥሁበት።

ግን ያ ገና ትንሹ ድንጋጤ ነው። ትልቁን እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ እንደ ዋዛ ነገረችኝ።

"ያ ጓደኛህ ግን እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው" አለች። "አንድ ቀን ማልዶ ሲመጣ እንዲህ እያደረግሁ አገኘኝ። አልሳቀ፣ አልጠየቀ። 'ይደክምዎታል እማማ' ብሎ ጠርሙሱን ተቀብሎኝ እስከ በረንዳዬ ሸኘኝ። አንተ ብትሆን ትጮህብኝ ነበር፤ ይኼው ጮህህብኝ።"

"መቼ ነው ይኼ?"

"ቆይቷል። ክረምቱ ገና ሳይገባ ነው።"

ክረምቱ ሳይገባ! እኛ ድራይቨር ስንነቅል፣ ፓወር ሰፕላይ ስንለውጥ፣ ማራገቢያ ስንገትር፣ ከዚያ ሁሉ በፊት ያውቅ ነበር። እናቴ ወደ ቅዳሴዋ ሄደች። እኔ የማሽኑን ጎን ከፈትሁና የሱን ካርድ ነቅዬ ወደ ብርሃን ወጣሁ። ከላይ የነበረው ጀርባው ረጥቧል። ከእርጥበቱ ሥር፣ መዳቡ በሚታይበት ሁሉ፣ አረንጓዴ በልቶታል። ያን አረንጓዴ እኔ ለምን አላውቀውም? መዳብ ነጋዴ ነበርሁ። ውኃ የቆየበትን መዳብ ከሩቅ እለያለሁ። ሸሪኬ ግን ሻይ ጠጣ እያለ ሲያባርረኝ፣ ውኃውን እየጠረገ፣ አረንጓዴውን በአልኮል እየፋቀ፣ እኔ እንዳላይ ነበር። ከዚያ የታችኛውን፣ የእኔን ካርድ አወጣሁት። ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ከላይ የተጋደመው የሱ ካርድ ጣራ ሆኖለታል።

"ያንተን አናበላሸው። ይቅር።"

እንዲህ ነበር ያለኝ። እኔም ሰምቼ፣ ሌባ ነው ብዬ ተረጎምሁት። በማርያም ጠዋት፣ በገዛ በሬ ላይ፣ ሁለት ካርድ በሁለት እጄ ይዤ፣ ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ። አላፊ አግዳሚው "እንኳን አደረሰህ" ይለኛል፤ እኔ ካርዶቹን አገላብጣለሁ።

ባጃጅ ነጂው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የራሰ ጸጉሬን አየ፣ ካርዶቹን አየ።

"ዛሬ ማርያም ናት። ጠፋ አይደል?"

"ጠፋ።"

"አላልኩም?" አለ፤ ዓለምን ያሸነፈ መስሎት። "ወዴት ላድርስህ?"

"ጀልባ ሠሪዎቹ ዘንድ።"

ጣና ያን ጠዋት አይንቀሳቀስም፤ እምቦጩ ዳሩን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል። ሐጂ ሥራ አቁመዋል። እንደ ሌላው ቀን በሬንጅ ተለውሰው መዶሻ ቢይዙ ደስ ባለኝ። ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በግማሽ ከተሠራችው ጀልባ ጎን ምንጣፍ አንጥፈው ይጠብቁኛል። ለእኔ ወንበር አስቀምጠዋል። ሸሪኬ ከኋላቸው ቆሟል፤ ክንዱን አጣምሮ ሐይቁን ያያል። የሚለያዩበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው አቋቋም ነው።

"ግባ ልጄ" አሉ ሐጂ። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። "ምነው፣ በዚህ ጥራት ዝናብ መታህ እንዴ?"

"አይደለም ሐጂ። እናቴ ናት።"

ሸሪኬ ከሐይቁ ላይ ዓይኑን ነቀለ። ሸሚዜን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን አረንጓዴ ካርድ አየ፣ ሁሉም ገባው።

"አገኘሃት?" አለ።

"አገኘችኝ በለው።"

ሊስቅ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። እኔ ግን ለሳቅ አልደረስሁም።

"ያን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ ለምን አልነገርኸኝም?"

"ምን ብዬ?"

"እንዳየኸው ነዋ!"

"እስኪ አስበው" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ መጥቼ፣ የእናትህ ጠበል ዕቃ አበላሸ ልበልህ? በእኔ አፍ? አንተ ብትለው የቤት ጨዋታ ነው። እኔ ብለው ሌላ ነገር ይሆናል። ዛሬ ጌም ቤት፣ ነገ ሰፈር ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አታውቀውም። እናትህስ በምን ዓይን ታየኛለች? በላስቲኩ ብሞክር ላስቲኩን አነሣችው። ታዲያ የራሴን ካርድ ከላይ ትቼ፣ አላህ የፈቀደው ይሁን አልሁ።"

"እኔ ነኝ አትናገር ያልሁት" አሉ ሐጂ። "መጥቶ ነገረኝ። ካርድ ብረት ነው፣ ሌላ ይመጣል፤ የሴትየዋን ልብ ግን አትንካ አልሁት።"

እነዚህ አባትና ልጅ እዚህ ተቀምጠው ስለ እናቴ ክብር ሲመክሩ፣ እኔ መጥረጊያ እንጨት ስመርጥ ነበር። ሐጂ ምንጣፋቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

"በል እንግዲህ" አሉኝ። "ትናንት በስልክ የምናገረው ነገር አለኝ ብለኸኝ ነበር። ሕጉም ያው ነው፣ በእኔ ፊት ነው። ተናገር።"

ሸሪኬ አየኝ። ለምን እንደ መጣሁ ያውቃል። ከትናንት ጀምሮ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ሐጂ" አልሁ። "ዛሬ ማርያም ናት። በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም።"

የሐጂ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኮፍያቸውን አውልቀው አፋቸውን እስኪሸፍኑ ድረስ ሳቁ። "ማሽኑ ነው ያስተማረህ!" አሉ። ሸሪኬም መጣና ካርዱን ከእጄ ወስዶ አገላበጠው፣ አረንጓዴውን በጥፍሩ ፋቀው፣ "ይኼስ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር" አለ። እኔ የሳቅሁት ያኔ ነው።

የቀረው እናቴ ናት። ከቅዳሴ ስትመለስ ሁለታችንም በረንዳዋ ላይ ቆመን ጠበቅናት። እኔ የመብራት ነገር ነው ልላት አስቤአለሁ፤ ሸሪኬ ደግሞ አቧራ ነው ሊላት። እኔ "መብራት" ስል እሱ "አቧራ" አለ፤ እኩል።

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። ወዲያው ዓይኗ ካርዱ ላይ አረፈ።

"እኔ ነኝ አይደል?" አለች።

ሸሪኬ ጫማውን ያያል።

"በሉ፣ አፍ የላችሁም? ጠበሉ ነው ያበላሸው?"

"ትንሽ... ትንሽ ውኃ አይወድም፣ እማማ" አለ ሸሪኬ።

እናቴ የበረንዳዋን ድንጋይ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ታዝናለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ሰጋሁ። ብዙ አሰበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ታዲያ መግደሉ ቆሟል?" አለች።

"ዛሬ እንኳ ቆሟል" አልኋት።

"ይኸው! ሠርቷላ!" አለች፤ ነጠላዋንም በኩራት አስተካከለች።

እኔና ሸሪኬ ተያየን። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይሞክራት።

ኮምፒውተሩ አሁን በእኔ ካርድ ብቻ ይሠራል። "ባለ ሁለት ካርድ" የሚለውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ ነጋዴ ነኝ፣ ሸሪኬም መንትያውን እየፈለገ ነው። እናቴ በበዓል ጠዋት የፊት በሩ ላይ ቆማ፣ ማሽኑን ትታ፣ የሚገቡትን ጎረምሶች ትረጫለች። ባጃጅ ነጂው አጎንብሶ ይቀበልና ገብቶ ይገድላል።

ያን ቀን በረንዳው ላይ ግን እናቴ አንድ ነገር ጨመረች። መቀነቷን ፈትታ፣ የኋላ በሩን ቁልፍ አወጣች። እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን እጄን አልፋ ቁልፉን ለሸሪኬ ሰጠችው።

"አንተ ያዘው" አለችው። "ይኼንንስ አላምነውም፤ በጨለማ እንጨት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው።"